ሞቃቱ ግድግዳ

ሽማግሌው ኤሌክትሪሻን ሊንደን ሰፈር ያለውን ቤት አሮጌ የፊውዝ ሳጥን በብሬከር ሊቀይሩ መብራቱን ካጠፉ በኋላ፣ ከአንዱ ፊውዝ ሥር የጠቆረ ሳንቲም አውጥተው የቤቱ እመቤት መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር መቀየር የሰለቸው ሰው ነው፣ ሽቦው ቢግልም መብራቱ እንዳይቋረጥ ይህን የሸጎጠው» አሉ።

«እኛ አይደለንም ጋሼ፤ ቤቱን ከገዛን ገና ዓመታችን ነው።»

«ላይ ወደ ትንሿ ክፍል የሚሄደው ሽቦ ሽፋኑ ቀልጧል። እሳት አለመነሣቱ ተአምር ነው።»

ሳንቲሙን እንደጨበጠች ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ልጇ የምትተኛባት ትንሿ ክፍል ገባች። ብርዱ በጠናበት ሰሞን ልጇ «ማሚ፣ አይም ኮልድ» ብትላት፣ የዚህችን ክፍል አንዱን ግድግዳ ሞቆ ስታገኘው ተመስገን ብላ አልጋውን ገፍታ ያስጠጋችው ራሷ ነበረች። አሁን ከትራሱ በላይ በመዳፏ ዳሰሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዝቅዞ አገኘችው።