ባለ ቢጫ ሪባኑ ክሊፕ

ገበያነሽ ፋኑኤልን የጠላችው ጋሽ አስገዶም «ልጄ» ብለው በጠሩት ቀን ነው።

እሱ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ወርክሾፕ «ልጄ» የምትባለው እሷ ነበረች። ወርክሾፑ ካዛንቺስ፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ፣ ፎቅ ላይ ነው። ከየፋብሪካው ተነቅለው የሚመጡ ትራንስሚተሮች ይጠገኑበታል፤ የጋንና የቧንቧ ግፊት እየለኩ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ወሬ የሚልኩ ዕቃዎች ናቸው። ገበያነሽ ሙያውን የተማረችው እዚያው፣ ከኃላፊው ከጋሽ አስገዶም ጎን ቆማ ነው።

ፋኑኤል ግን ከኮሌጅ ወጥቶ እንደመጣ የቤቱ ሰው ሆኖ አረፈው። የታችኛው ካፌ ባለቤት ሳያዛት ማኪያቶ ትልክለታለች። የዕቃ ቤቷ ለምለም ገና አፉን ሲከፍት መሳቅ ትጀምራለች። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባና፣ ማንም ሳይጠይቀው የሁሉንም ጠረጴዛ ያስተካክላል። ገበያነሽ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለጋሽ አስገዶም ዓይን ብሎ እንደሆነ አልተጠራጠረችም።

አንድ ሰኞ ጋሽ አስገዶም ሁለቱንም ጠሯቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ በቃ ቤታቸው ሊቀመጡ ነው። ሐሙስ የደንበኛቸው የዘይት ፋብሪካ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሁለቱም በፊታቸው ይሠራሉ፤ በሥራው የበለጠው የወርክሾፑ ኃላፊ ይሆናል።

ገበያነሽ ያንን ወንበር ስትጠብቅ ኖራለች። ፋኑኤል ግን አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ገና ነኝ ጋሼ» አለ። ትሕትናው ከትዕቢት በላይ አንገበገባት።

ሥራው አንድ ትራንስሚተር በእጅ በሚያዝ ኮሚዩኒኬተር ማናገር ነው። ትራንስሚተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘውም፣ መልስ የሚሰጠውም በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች ነው። በመሐል ኤሌክትሪኩን ጥቂት የሚገታ ሬዚስተር ካልገባ፣ ኤሌክትሪክ ሰጪው ፓወር ሰፕላይ መልሱን ውጦ ያስቀረዋል። ሬዚስተሩም ከሁለት መቶ ሃምሳ ኦም ማነስ የለበትም። እነሱ የሚጠቀሙበት ባለ ሁለት መቶ ሰባ ነበር፤ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ፣ ቀይ፣ ሐምራዊና ቡናማ መስመር ያለበት። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። በሁለት ክሊፖች ተነክሶ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ ያድራል። የገበያነሽ ክሊፕ ላይ ቢጫ ሪባን ታስሮበታል።

ማክሰኞ የሬዚስተሯ የሽቦ እግር መሳሳቱን አይታ ለምለምን ሌላ ጠየቀቻት።

«አልቋል እኮ። ማለቴ፣ ባለ ጥቁሩ ከሆነ ሞልቷል» አለች ለምለም፣ ሳቋ እያመለጣት።

ባለ ጥቁሩ የቤቱ ቀልድ ነበር። ለምለም መርካቶ ሄዳ፣ ሦስተኛውን መስመር ልብ ሳትል፣ በቡናማው ፋንታ ጥቁር ያለበትን አንድ ፓኬት ሙሉ ሸምታ መጥታለች። በዚያች አንዲት መስመር ሁለት መቶ ሰባው ሃያ ሰባት ይሆናል።

«ገቢ፣ ያንቺ ሐሙስ ድረስ ይችላል?» አለ ፋኑኤል ከጠረጴዛው ማዶ።

«አንተ የራስህን ጠብቅ» አለችው።

ረቡዕ ከሥራ መውጫ ላይ ሁሉም ደረጃውን ሲወርዱ እሷ ቦርሳዋን የረሳች መስላ ተመለሰች። ከፓኬቱ አንድ ባለ ጥቁር አወጣች። የፋኑኤልን ሬዚስተር ከክሊፖቹ አላቃ በቦታው ያንን አስነከሰችው። ነገ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው ሜትርም ልክ ያነባል፤ ኮሚዩኒኬተሩ ብቻ ፈልጎ ፈልጎ ያጣል። በእጇ የቀረውን ጤነኛ ሬዚስተር ለራሷ ልታደርገው አሰበችና ተወችው። የሱ የሆነ ነገር ጠረጴዛዋ ላይ እንዲውል አልፈለገችም። በመስኮት ወረወረችው።

ሐሙስ ከወሎ ሰፈር የተሳፈረችበት ታክሲ መንገድ ተዘግቶበት ስትደርስ እንግዶቹ ቀድመዋት ነበር። ጠረጴዛዋ እንደወትሮው ተስተካክሏል፤ ሽቦው ተጠቅልሏል።

ጋሽ አስገዶም ፋኑኤልን አስቀደሙት። የፋብሪካው ኢንጂነር ዘርአይ አጠገቡ ቆመ። ፋኑኤል ሽቦውን አገናኘ፤ አንዱን ክሊፕ ግን በአውራ ጣቱ እንደተጫነው ቀረ። ገበያነሽ ዓይኗን ከኮሚዩኒኬተሩ ሳትነቅል ጠበቀች።

የትራንስሚተሩ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

እንዴት? ፋኑኤል ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። አውቆብኛል ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ተራዋ ደረሰ። አገናኘች። ሜትሩ ልክ አነበበ። ኮሚዩኒኬተሩ ፈለገ፤ ምንም የለም አለ። ደገመች፤ አሁንም የለም። ኢንጂነር ዘርአይ ጉሮሮውን ጠረገ። ገበያነሽ ጎንበስ ብላ፣ ባለ ሪባኑ ክሊፕ የነከሰውን አየች። ቀይ። ሐምራዊ። ጥቁር።

ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለላት፤ አይቷታል፣ ዝም ብሏል፣ ተንኮሏን በሰው ፊት መልሶ አልብሷታል። ዝም ካለች ወንበሩ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «ሃያ ሰባት ነው። ሰው ሆን ብሎ ቀይሮብኛል።»

ጋሽ አስገዶም መነጽራቸውን አድርገው ጥቁሯን መስመር አተኩረው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ማነው የዚህችን ልጅ ዕቃ የነካ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ፋኑኤል ግራ ተጋብቶ፤ «የሷ እግሩ ሊበጠስ ደርሶ ሳየው፣ ጠዋት የኔን ለሷ አድርጌ የሷን እኔ ወስጄ ነው።»