ዳና ያዘዘው

ከተበላ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ከተቃጠለ ወዲህ ንብ አናቢው ዳና ቤቱ አላደረም። መንደርተኛው «አቃጣይ» ብሎ ቀፎውን ሰባበረበት፤ ፖሊስም ለደኅንነቱ ሲል ጣቢያ አስቀመጠው። ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ ከቀበሌው ይውጣ የሚለውን ሽማግሌዎቹ ዛሬ ይቆርጣሉ።

ሐመልማል የወረዳው ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ የሐሰት ወሬን ማጋለጥ። ከጎጃም ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ ወላይትኛን ግን ደፍራ ትሞክራለች፣ ገበያተኛውም እየሳቀ ያበረታታታል። ዛሬ ሰላምታውም አልመጣላትም። ወደ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ሞተር ላይ ከያሬድ ኋላ ተቀምጣ ደንዝዛለች።

«ወሬውን የበተነው ጎረቤቱ ደገፉ ነው» አለ የደን ባለሙያው ያሬድ። «ከዳና ጋር የድንበር ጠብ አለበት።»

«ሊሆን ይችላል።»

ነገሩ የመጣው ከድምፅ መልእክት ነው። ዳና አናቢዎቹና የወረዳው ባለሙያዎች ወዳሉበት የቴሌግራም ቡድን በወላይትኛ ላከው። «ጆሮ» የሚባል ባለቤቱ የማይታወቅ ገጽ ደግሞ በአማርኛ ተርጉሞ ጻፈው፦ «ነገ ተራራው ላይ እሳት አምጡ።» በማግሥቱ ተራራው ነደደ። አናቢዎቹ አባሪ እንዳንባል ብለው አፋቸውን ዘጉ፤ ሌላው ሰው ጽሑፉን እንጂ ድምፁን አልሰማም።

ሽማግሌዎቹ ፊት ያሬድ አስረዳ። በልጉ ቀርቷል፤ ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ይብሳል፤ ታች ማሳ ለመጥረግ የተለኮሰ እሳት ነፋስ አግኝቶ በደረቀው ሣር ሽቅብ ወጣ።

«ለቢሮ ሰው ሁሉም ነገር የአየር ንብረት ነው» አለ ደገፉ። «ሰውየው በገዛ አፉ እሳት አምጡ ብሎ የለ እንዴ!»

የዳና ሚስት ወርቅውሃ ተነሣችና ስልኳ ላይ ያለውን የባሏን ድምፅ ለቀቀችው።

ሽማግሌው አቶ ገብረማርያም አስደግመው ሰሙት።

«ይሄማ ‹ታማ› ነው፤ ‹ማ› ጠብቆ። አሥር! አሥር ቀፎ አምጡ ነው ያለው። ላልቶ ሲነገር ነው እሳት። ይህን የኛ ሰው ይሳሳተዋል?»

ሁሉም ወደ ደገፉ ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? በዚህ ቋንቋ አይደል አፌን የፈታሁት! እንደናንተው ነው ያነበብኩት» አለ።

ዳና እንዲመለስ ተወሰነ። ወርቅውሃ እያለቀሰች የሐመልማልን እጅ ያዘች።

«እህቴ፣ ለኛ ብለሽ መጣሽ። እግዜር ይስጥሽ።»

ሐመልማል ከሰዉ ፈቀቅ ብላ ስልኳን አወጣች፤ «ጆሮ»ን በራሷ የይለፍ ቃል ከፈተችና ጽሑፉን አጠፋችው።