የፍርሃት ተቀባይ

ፍርሃቱን አውልቆ ለሌላ የሰጠ ሰው፣ ደመናው ላይ ሲደርስ «ይበቃሃል፣ ተመለስ» የሚለው ማን ነው? ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ደጋግመው ያስቡታል።

የልጅ ልጃቸው ሚልካ የበረራ ፈቃድ ካገኘች ወዲህ የቢሾፍቱን ሁለት የበረራ ክበቦች ስታማርጥ ሰነበተች። በአንደኛው ሰው ከነፍርሃቱ ይበርራል፤ አውሮፕላኖቹም ያረጁና ቀርፋፋ ናቸው። ሁለተኛው ክንፋቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ላባ የቀለሉ አዳዲሶች አሉት፤ እነሱን የሚያበርር ግን ፍርሃቱን ለአንድ የቤተሰቡ አባል ማስተላለፍ አለበት።

«እማማ፣ አንቺ እንደሆነ መፍራት ለምደሽዋል» አለች ሚልካ እየሳቀች። «ትንሽ ቢጨመርብሽ አይታወቅሽም።»

«አፈር ስሆን ልጄ፣ በአሮጌው ብትበሪስ?»

«እየፈራሁ ስበር ሐይቁን እንኳ አላየውም እኮ!»

ወይዘሮ ዘርፌ የልጅቷን ዓይን አይተው እሺ አሉ።

የበረራው ቀን ጠዋት ፍርሃቱ መጣ። እንደ ሐይቅ ጭጋግ ቀስ ብሎ ደረታቸው ውስጥ ተኛ። ሻይ ሊቀዱ ቢሉ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ሚልካ ዳቦዋን እያላመጠች በመስኮቱ ሰማዩን ታያለች፤ ፊቷ እንደተኛ ሕፃን ፊት ጠርቷል።

እስከ ዛሬ ለፈተናም ሆነ ለመንገድ ስትወጣ «እማማ፣ መርቂኝ» ሳትል ደጁን አልፋ አታውቅም። ወይዘሮ ዘርፌ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው፣ እጆቻቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

ሚልካ የጆሮ ማዳመጫዋን አንሥታ፣ «መርቂኝ» ሳትል፣ በሩን ከፍታ ወጣች።