የፊርማ አደራ

ጋሽ ቀስ በሉ አንሶላቸውን እያጠፉ ነው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ደረጃ ሲወርዱም፣ ሲበሉም፣ ሰው ሲጣላም «ቀስ በሉ» ስለሚሉ። መንግሥት ለጥገኝነት ጠያቂዎች በሰጠው በዚህ ክፍል ስምንት ወር አብረን ኖረናል። አልጋቸው ከአልጋዬ አንድ ክንድ አይርቅም።

የቤቱ ኃላፊ ፋይሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባባ፣ ሕጉን ያውቁታል። ሦስት ቀን በተከታታይ ያልፈረመ አልጋውን ይለቃል» ትላቸዋለች።

የሚልኳቸው ሩቅ ከተማ ነው። ልጃቸው ግን እዚሁ ቅርብ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ተኝታለች። ጥቂት ቀን አጠገቧ ሆነው ሊያስታምሟት ሲሄዱ «እስክመለስ ፈርምልኝ፣ አደራ» ብለውኝ ነበር። በየቀኑ የምንፈርምበት ወረቀት መግቢያው ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ማን ለማን እንደፈረመ የሚያይ የለም። «ምን ችግር አለ ጋሼ» አልኳቸው።

በመጀመሪያው ማለዳ እስክሪብቶ አነሳሁ። ወንድሜ ትዝ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው፤ እኔ ጋ የሚያመጡት አልጋ ሲለቀቅ ብቻ ነው። ለራሴ ፈርሜ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን።

«ለምን አልፈረሙም?» ትላለች ኃላፊዋ።

አሁን ጉዴን ያወጡታል ብዬ እጠብቃለሁ።

«እርጅና ነው የኔ ልጅ። ረስቼው ሄድኩ» ይላሉ።

እሷ ፋይሏን ስታገላብጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ። «አይዞህ፣ አንተማ ፈርመህልኛል። ወረቀት ያምታቱት እነሱ ናቸው። ምን ታደርገዋለህ፣ እህል ውሃችን አለቀ።»

«ይቅር ይበሉኝ» ልል አፌን እከፍታለሁ። ወንድሜ ነገ ይመጣል። አፌን መልሼ እዘጋለሁ።

ኃላፊዋ የመልቀቂያውን ቅጽ አውጥታ ትሰጣቸዋለች። ፋይሉ ያለፈው ወር ወረቀት ላይ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ዓይኔ የራሴን ስም ይፈልጋል። ያን ጊዜ ወንድሜን ፍለጋ ሄጄ አራት ቀን ጠፍቼ ነበር። ፈርሙልኝ ያልኩት ሰው አልነበረም። ስመለስ የጠየቀኝ ሲጠፋ ዕድሌን አመስግኜ ተኛሁ።

ከስሜ ትይዩ አራት ፊርማ አለ። የእኔን አስመስለውታል፤ መስመሩ ግን ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ቀስ በሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ ቀስ ብለው መልቀቂያውን ይፈርማሉ።