አረንጓዴው ዳሽቦርድ

ደሴ በአብዮቱ ከፊታውራሪው የተወረሰችውን አሮጌ ፊያት ዳሽቦርድ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ፣ የላዩ ነጭ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣና ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። እጁ ቀጥ አለ። የራሱ ቀለም ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ፊታውራሪው በሰው ፊት «እጅህ ለማጭድ እንጂ ለብሩሽ አልተፈጠረም» ብለው በአንድ ጣሊያናዊ ቀቢ በነጭ ያስሸፈኑት ቀለም፣ አንዲት የብሩሽ ጭረት ሳይታይበት እንደ ኩሬ ውሃ ጠርቶ ያበራል።

«ምነው አያ ደሴ፣ ተኛህ እንዴ?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ነገ መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ በዓል ነው፤ ለሰልፉ ውስጧም ሳይቀር ቀይ ትሁን ብያለሁ።»

«እስቲ ተመልከታት። የኔ እጅ ሥራ ናት።»

«ሸጋ ናት። ቀባት።»

ቀዩ እንዲይዝ አረንጓዴው መፋቅ ነበረበት፤ ሳይሻክር የተቀባ ቀለም በጋውን አይሻገርም፣ ይረግፋል። ሳይፍቅ መቀባቱ ከታወቀበት ደግሞ አሻጥር ነው፤ በአሻጥር እስር ቤት የገቡ ሰዎች ሲወጡ አላየም። አውራ ጣቱን በአረንጓዴው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ቆየ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ቀዩን እንዲያው በልስላሴው ላይ ለቀለቀው።

«ይቆያል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አብዮቱ እስካለ ድረስ፣ ጓድ» አለ ደሴ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።