የቫኒላው አመዳይ

«ሻጋታ ነው» አለ ከሳምባቫ ከተማ ቫኒላ ሊገዛ የመጣው ነጋዴ፣ በቫኒላው እስር ላይ የረጋውን ነጭ ብናኝ በጥፍሩ እየፋቀ። «በግማሽ ዋጋ ልውሰድልሽ፤ ያውም ስለምወድሽ ነው፣ እማማ ሱዋዛራ።» ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች አንገታቸውን ደፉ።

ሱዋዛራ ያን ነጭ ታውቀው ነበር። በፈላ ውሃ ነክራ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ለወራት ያሰጣችው ፍሬ ምርጥ ሲሆን መዓዛው ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ አመዳይ ይረጋል። «ፀሐይ ላይ አውጣና እየው፤ ሻጋታ እንደ መርፌ ያብለጨልጫል እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት የነገድኩትን እኔን ልታስተምሪኝ ነው? ሻጋታ ነው አልኩ!»

«ሻጋታ ከሆነማ ሰው አይብላው» አለችና የዓመት ልፋቷን የያዘውን ሳጥን አንስታ በግቢው ጥግ ሩዝ ወደተጣደበት ምድጃ ሄደች። አንዱን እስር እሳቱ ውስጥ ወረወረችው። ግቢው በጣፋጭ መዓዛ ታወደ። ሁለተኛውን ስታነሳ ነጋዴው ወንበሩን ገልብጦ ሮጠና እጇን ያዘ። «አብደሻል? እንዲህ ያለ ቫኒላ ይቃጠላል?»

ገበሬዎቹ ቀና አሉ። ሱዋዛራ እጇን መንጭቃ አስለቀቀች። «በል፣ አሁን ያልከውን ጮክ ብለህ ድገመው። ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»