ዳቦ ብቻ

ጎረቤቴ ኪርስቲ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ኖርኩ። በዚህ በሰው አገር ፍሪጅ የሚከፈተው እማወራዋ ምግቡን በአገሩ ቋንቋ ስትጠራው ብቻ ነው፤ ልጅ ቢጠራው አይሰማም። "እንቁላል" ለማለት ስንተባተብ ኪርስቲ ሰምታ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ ብሞት አልጠራውም አልኩ። ቁርሳችን በማውቃት አንዲት ቃል፣ ዳቦ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ምንታምር ዳቦውን ገፋ አደረገችው።

"ጠግቤያለሁ።"

ከንፈሯ ዳር የእንቁላል አስኳል ደርቋል።

"የት በላሽ?"

"ኪርስቲ ጋ። በየቀኑ ነው። እማዬ፣ እንዳታፍሪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በእልኬ የገዛ ልጄን የሰው እጅ አሳየኋት።

በነጠላ ጫማዬ ወጥቼ፣ እሷን አስከትዬ የኪርስቲን በር አንኳኳሁ።

"ንገሪያት" አልኳት ልጄን፤ "መጀመሪያ እስኪበቃት ትሳቅብኝ፤ ከዚያ ታስተምረኝ።"